አሥራ አንዱ ተቀባዮችና የፈነዳው ቧንቧ

መሥሪያ ቤት በየአገሩ ሞልቷል። የሕዝብን አቤቱታ በጥቂት ደቂቃ አሥራ አንድ ክፍል ያዳረሰ ግን ይህ የውሃ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ለዚህ ታላቅ ድል ያበቁት ኃላፊው ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸውና፣ የገዛ ሳሎናቸው እስኪርስ ድረስ ለፍተዋል።

ቀድሞ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው በስልኩ ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። ሰርቨሩ ውስጥ የተጎለተ አንድ ድልብ ፕሮግራም ደግሞ የመጣውን ሁሉ ብቻውን ይቀበላል። ቀርፋፋ ቢሆንም ይመልስ ነበር፤ አንዷን መስመር ሲነኩበት ግን ሌላ አሥር ቦታ ይበላሻል። ይህ ያንገበገባት ፕሮግራመር አንድ ቀን ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩን መቀየር አያስፈልገንም። አፉ ላይ አዳፕተር የሚባል አንድ ማገናኛ እንግጠምለትና ትንንሽ ተቀባዮችን አንዱን ካንዱ እያያያዝን እንሰካበት። እያንዳንዱ ተቀባይ የመጣውን ጥያቄ አድራሻ ያያል። የራሱ ከሆነ ይመልሳል፤ ካልሆነ ለቀጣዩ ያስተላልፋል።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ኃላፊው ጆሮ የገባችው አንዲት ቃል ናት።

«ያስተላልፋል ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ካልተመለከተው።»

«ተባረኪ ልጄ! እኛ እኮ ይሄን ስንሠራ ሃያ ዓመታችን ነው፤ ማሽን ነው ያጣነው!»

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው!» ሲሉ ተጨበጨበ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ተቀባይ እንዲኖረው ተወሰነ። ከዚህ በኋላ በሲስተሙ ካልታዘዘ በቀር ማንም ሠራተኛ መፍቻ እንዳያነሳ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤም በኃላፊው ፊርማ ወጣ።

ፕሮግራመሯ ቅጽ ይዛ ክፍሎቹን ዞረች። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር፦ «መልስ» እና «አስተላልፍ»።

የጥገናው ክፍል ሹም ቅጹን እንደ ትኩስ ድንች ነካ አድርጎ መለሰው። «እህቴ፣ ‹መልስ› ብዬ ፈርሜ ነገ ውሃው ባይመጣ ማን ሊጠየቅ ነው? ‹አስተላልፍ› በይው።»

«የቧንቧ ጥገና የእናንተ አይደለም እንዴ?»

«ነዋ! ለዚያ እኮ ነው የምንጠነቀቀው።»

አሥሩም ክፍሎች እንዲሁ ጠንቃቆች ሆነው ተገኙ። ልጅቷ ጭንቅ ብሏት ወደ ኃላፊው ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ሁሉም አስተላላፊ ሆነ። መላሹ ማን ሊሆን ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል? አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ» አሉና እስክሪብቷቸውን መዘው ከላይ የተሞላውን አንድ ጊዜ ቃኙ። ሰው ሁሉ ምልክት ያደረገበት ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ፈረሙ። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል ስልካቸው ጮኸ፤ በቃ፣ በእጃቸው አሰናበቷት። እሷም ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

የምረቃው ዕለት ደረሰ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዳ ቦርሳ ውስጥ የኃላፊው የሹመት ደብዳቤ እንዳለ አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። ኃላፊው ለዚህች ወረቀት ስንት ዓመት ጎንበስ ቀና ብለዋል! ጠዋት ባለቤታቸው ደውላ፣ «አንተ፣ ቧንቧው ፈነዳ! ምንጣፉ ሊዋኝ ነው!» ብትላቸው እንኳ፣ «እንደ ማንኛውም ደንበኛ በድረ ገጹ አመልክቺ» ብለው ዘግተውባታል።

መድረኩ ላይ ወጥተው፣ «ሲስተሙ ከተከፈተበት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወዲህ አንድም ጥያቄ ሳይተላለፍ አልቀረም!» ብለው ጭብጨባው ሳይበርድ በሩ ብርግድ አለ። ባለቤታቸው ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ጫማዋ እየተንቧቸ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ መልእክት ደርሶኛል! ‹ክቡር ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ለሚቀጥለው ክፍል ተላልፏል›! አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም!»

ኃላፊው ደማቸው ፈላ። ቧንቧ ጠጋኙ የመሣሪያ ሣጥኑን ታቅፎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አንተ! ምን ይጎልትሃል? ተነስና ቤቴ ሂድ!»

ጠጋኙ በትሕትና ተነሳ። «ደስ ይለኝ ነበር ጋሼ። ግን በሲስተሙ አልታዘዝኩም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤዎ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።»

«የመጨረሻው ተቀባይ የትኛው ደንቆሮ ነው ታዲያ?»

ፕሮግራመሯ ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። የገዛ ፊርማቸውን አዩ። «አስተላልፍ» ይላል።

«ለ... ለማን ነው የማስተላልፈው?»

«ከእርስዎ በኋላ ሰው የለም ጋሼ። ስለዚህ ወደ አንደኛው ይመለስና እንደገና ይዞራል። አሁን ሠላሳ አንደኛ ዙሩን ጀምሯል።»

ከባለቤታቸው ቀሚስ የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንግዳው ግማሽ ያወጡትን ፖስታ ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱና የኃላፊውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«አይዞዎት፣ ሹመትዎ የትም አይሄድም» አሉ። «ለሚቀጥለው ክፍል እናስተላልፈዋለን።»