የታጠበ ካንዴላ

ወንድ ልጅ ቤት ውስጥ የወደቀ ማንኪያ አንሳ ሲባል ወገቡን ያመዋል፤ ማኪና ሥር ግን እንደ እባብ ተስቦ ሲገባ ምንም አይለውም። እንዴት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አርባ ዓመት አብሬ ኖሬ እኔም አልደረስኩበትም። ሴትም ብትሆን የራሷ ዓመል አላት። እኔ ለምሳሌ የጠቆረ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ድስት ይሁን ማንቆርቆሪያ፣ የራሴ ይሁን የሰው፣ ሳልፈትገው እንቅልፍ አይወስደኝም። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ዓመሎች አንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ላውጋችሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። ባለቤቴ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጉለሌ ካለው ቤታችን ደጅ አንዲት ትንሽዬ ማኪና ነበረችው፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት፣ የሠራት ሰው ቸኩሎ ገልብጦ የገጠማት የምትመስል። በዚያ ሰሞን ትክትክ እንደያዘው ልጅ ማሳል ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ዳገት ስታይ ትክ፣ ትክ፣ ብላ ቀጥ! የኛ ሰፈር ደግሞ፣ ታውቁት የለ፣ ዳገት ያልሆነው መንገዱ ቁልቁለት ነው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ትቁም፣ ምን ገዶኝ። ግን ልጄ አልማዝ ሆዷ ተቀዶ ሴት ልጅ ተገላግላ እኔ ዘንድ ትታረስ ነበር። ምጡ ጠንቶባት የሞትኩ የዳንኩ ያልኩ ለት፣ "ሁለቱን አውጪልኝ እንጂ ሕፃኗን በሰማንያ ቀኗ ቁስቋም ማርያም ክርስትና አስነሣታለሁ" ብዬ ተስያለሁ። ሰማንያው ሰኞ ሊሞላ ነው፤ ያውም በወሩ ማርያም። ስለት ነውና ቀኑም ቦታውም አይለወጥም። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ወጥተን በማለዳ መድረስ አለብን። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም፤ አልማዝም ያንን አቀበት በእግሯ አትችለውም። ስለቴ በሙሉ በዚያች በምታስል ማኪና ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ታደሰ "ካንዴላዋ ነው" አለ። ካንዴላ፣ ለማታውቁት፣ ሞተር ውስጥ ገብቶ እሳት የሚጭር ጣት የሚያህል ነገር ነው፤ ወገቡ እንደ ሲኒ ነጭ፣ ጫፉ ብረት። ማኪናዋ አራት አላት። አዲስ ካንዴላ በዚያን ጊዜ ሱቅ ገብቶ የሚገኝ አይደለም፤ አሰብ የሚመላለስ ሾፌር ዘመዳችን ነው አራት ያመጣለት። ጋራዥ ይግጠምልህ ብለው፣

"ለአራት ካንዴላ? አስካለ፣ ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ?" አለኝ።

ምን አድርጌ እንደማየው አልነገርኩትም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አሮጌዎቹን በመፍቻ እየነቀለ ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው። አዲሶቹንም ከካርቶናቸው አውጥቶ በጎናቸው አኖረ። ሊገጥም ሲያጎነብስ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ስብሰባ! ስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር በምን ዓይኑ ይጠይቃል? እጁን በሱሪው ጠራርጎ ሮጠ።

እኔ ከአራት ጥቋቁር ነገሮች ጋር ቀረሁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በላምባ ነከርኳቸው፣ በአመድ ፈተግኳቸው፣ በሎሚ አሸኋቸው፣ ጫፋቸውን በመርፌ ፈለፈልኩላቸው። ፀሐይ ላይ ሳሰጣቸው ዓይን ይወጋሉ። ከዚያ አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ፣ ከአዲሶቹ ጋር ስምንቱንም በአንድ ንጹሕ ጨርቅ ቋጠርኳቸው።

ታደሰ ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጣ። ጨርቁን ፈታ። ካንዴላዎቹን አየ፤ እኔን አየ።

"አዲሶቹ የትኞቹ ናቸው?"

"አሁንማ ሁሉም አዲስ ናቸው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሠራሽኝ!"

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ብቅ አለ። ሐጂ ባለሱቅ ነው፤ የኛዋን የምትመስል ማኪና ካንዴላ አጥታ በሩ ላይ ከቆመች ወር አልፏታል፤ የወለቁትን እንዳንጥልበት ለምኖናል።

"ጋሽ ታደሰ፣ ሰው ሚስቱ ዕቃ ስላላጠበች ይቆጣል፤ እርስዎ ስላጠበች ይቆጣሉ?" ብሎ ሳቀ።

ታደሰ መነጽሩን አጥልቆ ስምንቱንም አገላበጠ። ጽሑፋቸው አንድ ዓይነት ነው። ካርቶኑን አየ፤ ካርቶን ምን ይናገራል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጣቴ ግን ያነባል። ጫፍ ጫፋቸውን ዳሰስኩ። አራቱ ሹል ናቸው፤ አራቱ እንደ ቆየ መርፌ ዶልዱመዋል።

"ሹሎቹ ናቸው አዲሶቹ" አልኩት።

"ሞተር መች ታውቂና! አዲስ ነገር ለስላሳ ነው፤ የሚሻክረው አሮጌ ነው።"

"ኧረ በማርያም፣ ነገ እኮ ስለቴ ነው! ቢላዋ ሲሠሩበት ይሳላል ወይስ ይዶለዱማል?"

"ይሄ ቢላዋ ነው?"

ሁለቴ ተናገርኩ። ሦስተኛው ፀብ ነው፤ በክርስትና ዋዜማ ደግሞ ፀብ አልወድም። ዱልዱሞቹን ገጠመ፤ ሹሎቹን "ከባዶ ይሻላሉ" ብሎ ለሐጂ ሰጠው። ቁልፉን ሲያዞር ማኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ታደሰ ዞር ብሎ አየኝ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተጫንን። አልማዝ ከፊት፣ እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጋር ጀርባ ለጀርባ። ሜዳው አለፈ። የቁስቋም አቀበት ወገብ ላይ ስንደርስ፣ ትክ! አለች። ነፍሴ ወጣች። ምን እንደገጠመ የማውቀው እኔ ነኛ! "እመቤቴ፣ ያጠብኩበትን እጄን አይተሽ አውጪን" አልኩ በሆዴ። አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን እንደጠረገ ሰው ድምጿን አስተካክላ ወጣችው።

"አዲስ ዕቃ እስኪለምድ ነው" አለ ታደሰ።

ሕፃኗ ወለተ ማርያም ተባለች፤ ስለቴም ደረሰ።

በሳምንቱ ሐጂ ሰይድ እየሳቀ መጣ። "ጋሽ ታደሰ፣ የጣሉት እንዲህ ከሆነ የያዙትማ መብረር አለበት! ማኪናዬ ትናንት እንጦጦን ሳታስነጥስ ወጣችው!"

ታደሰ ደረቱን ነፋ። "የሚስቴ አመድ ነው፣ ሐጂ። አሮጌውን አዲስ ታደርገዋለች።"

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ሐጂ አማኝ ሰው ነው፤ ብናገር እዚያው ነቅሎ ይመልሳል። ታደሰ ግን በሰው ፊት ስሕተቱን ከሚቀበል እንጦጦን በእንብርክኩ ቢወጣ ይመርጣል። የተሣልኩት ደርሷል፣ የሐጂም ማኪና ተነሥታለች፤ ማን ምን ጎደለበት? ዝም አይነቅዝም።

ወሬው ግን ዝም አላለም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ባለማኪና ሁሉ የጠቆረ ካንዴላውን በመሐረብ ቋጥሮ "እትዬ አስካለ፣ እባክዎን" እያለ ደጄን ይጠና ጀመር። እኔ ቁጢጥ ብዬ ስፈትግ፣ ታደሰ ከእንግዳው ጋር ቆሞ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያስረዳል፦

"ዋናው አመዱ ነው። የባሕር ዛፍ መሆን አለበት።"