ጋሽ አሻግሬና ባለዘውዶቹ ወፎች

ሌላው ሰው ያላየውን ሁሉ የሚያይ አንድ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። እናንተ በዚያው መንገድ ስታልፉ ከድንጋይና ከአቧራ በቀር ምንም አይገጥማችሁም፤ እሱ ሲያልፍ ግን ነብር ሰላም ይለዋል።

ባቡሩ ገና ከለገሃር ድሬዳዋ በሚመላለስበት ዘመን፣ በአቃቂ ይህን ሹመት የያዙት የተከበሩ ጋሽ አሻግሬ ነበሩ። ሥራቸው ሐዲዱን እየተከተሉ የላላ ብሎን ማጥበቅ ነው። ሲመለሱ ጣቢያው አጠገብ ወዳለችው ሻይ ቤቴ ይገቡና መፍቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ገና ሳይቀመጡ "ዛሬስ ጉድ አየሁ!" ይላሉ።

አንድ ቀን ከሐዲዱ አጠገብ ባለው ረግረግ ውስጥ ጉማሬ ከነግልገሏ ስትታጠብ አዩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐዲዱን ተንተርሶ የተኛ ዘንዶ፤ "ባቡሩ ሳይደርስበት ሮጬ ቀሰቀስኩት" አሉን። ዝዮች ፀሐይዋን ሸፍነው በቀትር ፋኖስ አስበርተዋቸዋል። እስቲ እንይ ብለን ስንሄድ ያለው ደንገልና ትንኝ ነው። "ምነው ትናንት በመጣችሁ!" ይሉናል፣ ከልባቸው እያዘኑልን።

ከረግረጉ ማዶ የሚያርሱት አቶ ፈየራ "አሻግሬ፣ እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። ጉማሬህ እኔን ታፍራለች እንዴ?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ጋሽ አሻግሬ ግን አይስቁም። ያላመናቸው ሰው የሰደባቸው ያህል ያማቸዋል።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ማለዳ መጡና "አስቴር፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ማለቱ አስገርሞኝ ተከተልኳቸው። ደንገሉን ገለጥ ሲያደርጉት ሁለት ረጃጅም ወፎች ውሃው መሃል ቆመዋል፤ ራሳቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የደፉ ይመስላሉ። እግራቸው ሥር አንድ ቡናማ ጫጩት ይንገዳገዳል።

ስንመለስ "ብናገር ማን ያምነኛል?" አሉኝ።

"ይናገሩ እንጂ! እኔ እመሰክራለሁ" አልኳቸው።

ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወሬውን ገና ሳይጀምሩት፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ከባቡር ወርደው ሻይ ቤቴ ገቡ። ላባው የሚያምር ትልቅ ወፍ የሚታደንበትን ቦታ ጠየቁ። ቤቱ ሁሉ ወደ ጋሽ አሻግሬ ጠቆመ። "እሳቸውን ጠይቁ! ያላዩት አውሬ የለም!"

ጋሽ አሻግሬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ መለስኩት።

"እኔ ምንም አይቼ አላውቅም፣ ጌቶቼ" አሉ። "እነዚህን ለማሳቅ የማወራው ውሸት ነው። ረግረጉ ባዶ ነው።"

"ጉማሬዋስ?" አሉ አቶ ፈየራ።

"ውሸት።"

"ዘንዶውስ?"

"እሱም ውሸት።"

ሳቁ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። አዳኞቹም አብረው ሳቁ፤ ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ሞጆ በሚወርደው ባቡር ሄዱ። ምላሴ ላይ የደረሰውን ምስክርነት ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ አቃቂ አልማራቸውም። "አሻግሬ በገዛ አፉ አመነ" እየተባለ ገበያ ድረስ ተወራ። ሐዲድ ላይ አብረዋቸው የሚሠሩት እንኳ "ብሎኑስ እውነት ጠብቋል?" እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸው ግን ሻያቸውን በዝምታ ጠጥተው ይወጣሉ። እኔ ያንን ዝምታ እያየሁ፣ ከአባቴ ቀጥሎ የማከብረው ሰው እኚህ ናቸው አልኩ በልቤ።

ታኅሣሥ ላይ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለ ባለዘውዶቹ ሦስት ሆነው በጣቢያው አናት እየጮኹ አለፉ። ሦስተኛው ዘውዱ ገና አልሞላም። ጋሽ አሻግሬ ቆባቸውን አወለቁ። ውስጥ ዳማ የሚጫወቱት አቶ ፈየራ ቀና ሳይሉ "አሻግሬ፣ ደግሞ ምን አየህ?" አሉ።

የጋሽ አሻግሬን እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

"ደመና ነው" አሉ ጋሽ አሻግሬ፣ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ።