ራስ ምታቴን ሦስት ቀን ያስረሳኝ ማመልከቻ

«ማስተማር አስጠላኝ» የሚል መምህር ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡኝ… የውሸታሞቹ አለቃ ስለነበርኩ ነው የምናገረው።

በደርግ ዘመን የቡ በምትባል የገጠር ከተማ አስተምር ነበር። «ለጂማ ቅርብ አይደል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ለእኔ የዓለም ዳርቻ ነበር! ልቤ ወደ ትልቅ ከተማ ሸፍቶ ስለነበር ለዝውውር የሚሆን በሽታ መረጥኩ። ራስ ምታት! ማን ገልጦ ያየዋል? ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ተመላልሼ «አየሩ አልተስማማውም» የሚል ወረቀት አስጻፍኩና ለአውራጃው ትምህርት ቢሮ ላክሁ።

መልስ ስጠባበቅ፣ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ከማስተምራቸው ጎልማሶች አንዱ እጃቸውን አወጡ። አባ መጫ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው ቡና ገበሬ።

«በርሲሳ ኮ፣ መምህሬ፣ መንግሥት እምቢ የማይለው ማመልከቻ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

እንዲህ ተጠይቄ ዝም ልበል? ራስ ምታቴን ረስቼ ሦስት ቀን ሙሉ አስተማርኩ። «ምስክር ጥቀሱ! ጥቅሙ ለእናንተ ብቻ እንዳልሆነ አሳዩ!» እያልኩ ጮህኩ፤ እስከ ቅንድቤ ጠመኔ በጠመኔ ሆንኩ። ምን ሊያመለክቱ እንደፈለጉ መጠየቅማ… የት ትዝ ብሎኝ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮው ጠራኝ። ዝውውሬ ደረሰ ብዬ ኮቴን አስተኩሼ ከነፍኩ። ኃላፊው አንድ ወረቀት አቀበሉኝ።

«ጓድ መምህር፣ ይህን አጻጻፍ ማን አስተማራቸው?»

አየሁት። አድራሻው በቦታው፣ ጉዳዩ ተሰምሮበት፣ ፊርማው በሰልፍ… ደረቴ ተነፋ።

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው ያንብቡት።»

«መምህራችን ዝውውር እንደጠየቁ ሰምተናል። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል። ክፍል ሲገቡ ግን ወላሂ ይድናሉ፤ ድምፃቸው ገበያ ድረስ ይሰማል። ለዚህም ሠላሳ ሁለታችን ምስክር ነን። ስለዚህ ለራሳቸው ለመምህሩ ጤንነት ሲባል ከእኛ እንዳይለዩ እናመለክታለን።»

ኃላፊው ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። ዝውውሬም እዚያው ቀረ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ… ግን እውነቱን ልንገራችሁ? እናቴ እንኳ ጤንነቴን እንዲህ አጥንታው አታውቅም። ወደ የቡ ስመለስ መኪናው ውስጥ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባ መጫ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«በርሲሳ ኮ፣ ማመልከቻችን ስንት አገኘ?»

«ከአሥር ዘጠኝ!»

አንዷን የቀነስኩት የጎደለው ነገር ኖሮ አይደለም… ለዝውውሬ ማስተዛዘኛ ነች!