የእትዬ መጠይቅ አርባ አንድ ቅጾች

"ደህና ነኝ" ብለውት የማይሄድ፣ ይባስ ብሎ "እንዴት ነው ደህናው?" እያለ ወንበር የሚስብ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። በጤና ቢሮው ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክብርት እትዬ መጠይቅ ናቸው። አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ የቢሮውን ኃላፊ "እንቅልፍ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁት። ሦስተኛ ፎቅ የሚወርደው ሰውዬ ሰባተኛ ደርሶ ስለ አማቱ ሲያወራ ተገኘ።

ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ወጣቶችን መጠየቅ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንቅልፍ አጣችሁ፣ ስንት ቀን ሁሉ ነገር አስጠላችሁ የሚል ቅጽ አለ። መልሱ ተደምሮ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይወጣበታል። ችግር ከታየ የወጣት ማዕከሉ ሁለት የሥነ ልቦና አማካሪዎች ያገኛል፤ ካልታየ የተዘጋጀላቸው ክፍል የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ዕቅዱን የምታዘጋጀው ባለሙያ አማካሪዎቹን ከልቧ ትፈልጋቸዋለች፤ ያላት ጊዜ ግን እስከ ዓርብ ነው።

ሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎች በቀን ሃያ ቅጽ ያስሞላሉ። እትዬ መጠይቅ ቀንቷቸው አራት ነው። ተቆጣጣሪው ሲነጫነጭባቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "‹ደህና ነኝ› መልስ አይደለም ልጄ፤ ሰላምታ ነው።"

ረቡዕ ስምንት መቶው ቅጽ ተደመረ። በቁጥሩ መሠረት የከተማው ወጣት ሁሉ ጎኑን እንዳሳረፈ እንቅልፍ ወስዶት ሲነጋ ይነሳል፣ የሚከፋው የለም፣ ቅጹ ከላይ እስከ ታች "በጭራሽ" ነው። "በየቀኑ" የሚለው ላይ ምልክት የበዛባቸው የእትዬ መጠይቅ አርባ አንድ ቅጾች ብቻ ናቸው።

"ሴትዮዋ ጨቅጭቀው ነው ያስሞሉት፤ አውጥተሽ ጣያቸው" አላት የስታቲስቲክስ ኃላፊው ባለሙያዋን።

ባለሙያዋ ቅጾቹን ከመጣሏ በፊት ሐሙስ ዕለት ከእትዬ መጠይቅ ጋር ወጣች። እውነቱን ለመናገር በየኮሪደሩ ስትሸሻቸው የኖረች ናት። የገቡበት ቤት ሳሎን ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅና እናቷ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ ያኔ ነገሩ በራላት፤ ሌሎቹ ቅጾች የተሞሉት እንዲህ ነው። እናቷ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ከፋኝ የምትል ልጅ ከየት ትምጣ?

እትዬ መጠይቅ ግን ከቦርሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። "ለእርስዎ ደግሞ የወላጅ ቅጽ አለ። ሃምሳ ጥያቄ ስለሆነ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቢሞሉት ይመቻል።"

እናትየዋ ኩራት ቢጤ እየተሰማቸው ሄዱ። ቢሮው እንዲህ የሚባል ቅጽ የለውም።

ልጅቷ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና "ደህና ነኝ" አለች። እትዬ መጠይቅ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ። ልጅቷ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች።

"አልተኛም" አለች በመጨረሻ። "ትምህርት ቤትም የምሄደው እንዳይጠይቁኝ ነው።"

"ለሰው ነግረሽ ታውቂያለሽ?"

"ለማን ልንገር?"

ሲወጡ ባለሙያዋ አላስቻላትም። "እትዬ፣ የወላጅ ቅጹን ማን አዘጋጀው?"

"እኔ። እናትን ከገዛ ቤቷ ውጪልኝ አይባልም፤ ሥራ ከሰጠኋት ግን ራሷ ትነሳለች።"

"ታዲያ ለሌሎቹ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

የወላጅ ቅጹን ከእትዬ መጠይቅ ተቀብላ እየሄደች አነበበችው። ጥያቄው የቤት ዕቃ ቆጠራ ነው፦ ማንኪያ፣ አሥራ አራት። የማይከፈት መስኮት፣ አንድ። አርባ ዘጠኙ በጥንቃቄ ተሞልቷል። ሃምሳኛው "ልጅዎ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት መቼ ነው?" ይላል። እናትየዋ ጽፈው ሰርዘዋል፣ እንደገና ጽፈው ሰርዘዋል። ከሥር በትንንሽ ፊደል "የሚያነጋግራት ሰው ካለ ከሥራ አስፈቅጄም ቢሆን አመጣታለሁ" ብለዋል። ባለሙያዋ ቀና ስትል እትዬ መጠይቅ የሚቀጥለውን በር እያንኳኩ ነበር። እኚህን ጨቅጫቃ ሴትዮ ምን ያህል እንደወደደቻቸው ስታስበው ለራሷም ገረማት።

ዓርብ አርባ አንዱን አስገብታ በእነሱ መነሻነት ሁለቱ አማካሪዎች እንዲመደቡ ጠየቀች፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ዘጠኙን እንደገና ይሞላ ብላ መለሰች። የስታቲስቲክስ ኃላፊው በምን ማስረጃ ብሎ ቱግ አለ። ስምና አድራሻውን ሸፍና ሃምሳኛውን መልስ ከፊቱ አኖረችለት።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዚህ ቅጽ ትርፍ አለሽ?" አላት። "ለቤቴ ነው።"