ከጋሽ ኤርሳዶ በፊት የነካው ሰው

ጠጋኝ የተባለ ሁሉ ከእሱ በፊት ዕቃውን የነካካ አንድ ጠላት አለው። ሰዓት ይክፈት ራዲዮ፣ ገና ክዳኑን ሳያስቀምጥ ያንን ሰው መራገም ይጀምራል። በዚህ ሙያ የቦሌ ሚካኤሉን ሊቀ ጠጋኞች ጋሽ ኤርሳዶን የሚያህል አልነበረም። የቀረበላቸው ምድጃም ይሁን ጃንጥላ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና "ማነው ይሄን የነካካው?" ይላሉ። መልስ አይጠብቁም። "ይሄ ጠጋኝ አይደለም፤ ባላንጣ ነው" ብለው ይፈርዳሉ።

ልብስ ሰፊዋ የሺመቤት ይህን ዓመል ካወቀችው ስምንት ዓመቷ ነው። የዚያን ቅዳሜ ግን ዓመል የምትችልበት ልብ አልነበራትም። የጎረቤቷ ልጅ ዘርፌ በማግስቱ ልትዳር፣ ቬሎዋ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ በስፒል እንደተያያዘ፣ የሺመቤት የእግር ስፌት መኪና ቀጥ አለች። የሙሽራዋ እናት "እንግዲህ እግዜር ያውቃል" ብቻ ብላ ወጣች፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። የሺመቤት መኪናዋን በሁለት ኩሊ አሸክማ ጋሽ ኤርሳዶ ደጅ አስወረደች።

ጋሽ ኤርሳዶ ተንበረከኩ። ከመርገጫው ወደ መዘውሩ የሚወጣው ዘንግ ተሰብሯል። ስብራቱ ላይ ከተጠመጠመው ሽቦ ሥር አንድ የሻይ ማንኪያ እጀታ መዘዙ።

"ማንኪያ" አሉ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ። "በማንኪያ ነው የደገፈው። ማነው ይሄን የነካካው? ይሄንን ሰውዬ ቀበሌ ጠርቶ ሊጠይቀው ይገባል።"

ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ አንድ ሰው አንገቱን አሰገገ።

"ማንኪያው የኔ ነው፣ ጋሽ ኤርሳዶ" አለች የሺመቤት ቀስ ብላ። "አምና መለዋወጫ የለም ብለው ከቤት ያስመጡኝ እርስዎ ነዎት። ስድስት የነበረው ይኸው አምስት ቀርቷል።"

ጋሽ ኤርሳዶ እጀታውን አገላብጠው አዩት።

"ዓመት ሙሉ ይዟል?"

"ይዟል።"

"እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ነው።"

ዘንጉ ግን በምንም አልሆን አለ። ዘመኑ የደርግ ነውና መለዋወጫ ከውጭ መግባት ካቆመ ቆይቷል፤ ኦሎምፒያ ሰፈር ያለው በያጅ ደግሞ ጋዝ አልቆበታል። የሺመቤት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ኤርሳዶ የሴት እንባ አይችሉም። ቬሎው እንዳይቆሽሽ ጋቢያቸውን አቧራው ላይ አነጠፉ፣ በርጩማቸውን ለቀቁላትና መዘውሩን በቀኝ እጃቸው ጨበጡ።

"ቬሎውን አስመጪ። አንቺ ጨርቁን ያዢ፤ እኔ አዞራለሁ።"

ከቀትር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አዞሩ። ቦሌ ሚካኤል መንገድ ዳር ቬሎ ሲሰፋ አይቶ አያውቅምና፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አሮጊቶች እየቆሙ ስለ እጅጌው ርዝመት ምክር ለገሱ። ያምናው ጥፋት የማን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሳቸው ጥፋቴ ነው አላሉም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም።

እሑድ ዘርፌ ቬሎዋን ለብሳ ስትወጣ ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ኤርሳዶ ግን ምግብ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተቀምጠዋል። ትናንት መዘውር ሲያዞሩበት የዋሉት ቀኝ ክንዳቸው ከጉልበታቸው አልነሳ ብሏቸው፣ ለሰው መናገሩን ሞት አድርገውታል። የሺመቤት ከሩቅ አይታ ገባት። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ አወቀች። እጇን ታጥባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሰው ሁሉ እያየ አጎረሰቻቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም ደገመች፤ እንጀራው ከፊታቸው እስኪያልቅ ድረስ አልተነሳችም።