በማን ወጣች?

ያለ አንዲት እማማ በዛብሽ የቆመ ወታደር ሰፈር የለም። የእኛዋ፣ ነገሌ ካምፕ አጥር ሥር የሚኖሩት፣ ክብርት የዘር ሐረግ ሚኒስትር ናቸው። ሕፃን ሲያዩ ስሙን አይጠይቁም። «በማን ወጣ?» ይላሉ፤ መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ።

የሙሉነህ ልጅ አፈር ሲበላ ያዩት ጊዜ «በአያቱ ነው፤ ተልተሌ ካምፕ ሳለን ኖራ ከግድግዳ እየፋቀ ይልስ ነበር» አሉ። የፍሬሰንበት ልጅ ከባጃጅ አልወርድም ብላ ስታለቅስ ደግሞ፣ እናትዬዋም በሠርጓ ዕለት ከመኪና አልወርድም ብላ እንደነበር ለሹፌሩ አብራርተውለታል። ሰውዬው ቸኩሎ ነበር፤ ግን አዳመጠ።

እኔ ግን እፈራቸው ነበር። የአራት ዓመቷ ልጄ ዲቦራ መናገር ካቆመች ከርማለች። መዋዕለ ሕፃናት ደወል በተደወለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ገብታ እጇን ትነክሳለች። መምህሯ «የአእምሮ ባለሙያ ይያት» ስትለኝ አባቴ ትዝ አለኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ በ1983 ጦሩ ሲበተን ቤት የገባ አስር አለቃ ነበር። በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይደበቃል። እያባበሉ የሚያወጡት እማማ በዛብሽ ነበሩ፤ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ጎረቤት የለም።

ሆስፒታል ስንሄድ ሳልጠራቸው ተከተሉኝ። ባለሙያው ቦናያ ዲቦራን በኦሮምኛ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላም አላት። ወንበር ሥር ገባች። ወደ እኔ ዞረ።

«በቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

እማማ በዛብሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አለቀልኝ አልኩ። ልጄ «የእብድ ዘር» እየተባለች ስታድግ፣ ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ስታጣ ታየኝ። ሴትዮዋ ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ንገሪው ልጄ። ሳያውቅ እንዴት ብሎ ያክማት? ሰፈሩን ለእኔ ተዪው።»

ስለ አባቴ ነገርኩት። አንድም ጊዜ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና ወደ ሐዋሳ ሪፈር ጻፈልን።

ዲቦራ ገና አልተናገረችም፤ ፍርሃቴም አለ። እማማ በዛብሽን ግን ወደድኳቸው። ባለፈው ሳምንት ሙሉነህ «እነዚህ ሰዎች በየወሩ ሐዋሳ የሚመላለሱት ልጅቷ ምን ሆና ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። የሰውን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አሉት።