ቀላል ነው

የእጅ ሙያተኛ ሁሉ አንድ አመል አለበት፤ ሥራ ይዘው ሲመጡለት ዕቃውን አገላብጦ እንኳ ሳያይ «ቀላል ነው» ይላል። ሰዓት ሠሪው ይላል፣ ልብስ ሰፊው ይላል። እኔም በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ስብርባሪ አሉሚኒየም እያቀለጥኩ ድስትና ጭልፋ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ስል ኖሬያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ጊዜው ደርግ ገበሬውን ከየጎጆው አንስቶ በአንድ መንደር የሰበሰበበት ነበር። ከአሰንዳቦ ወዲያ የሚያርሱ አባ ተማም የሚባሉ ደንበኛዬ አንድ ጠዋት መጡ። ቤታቸው ወደ አዲሱ መንደር ሲሄድ በቆሎው እዚያው ቀርቷል፤ ጠባቂ ባጣው ማሳ ደግሞ ከርከሮ ይፈነጭበታል። የዓመት ቀለባቸው እሱ ብቻ ነው። የአባታቸው ጠመንጃ አለ፤ ቀለህና ባሩድም አላጡም። የጠፋው ለአረሩ የሚሆን እርሳስ ነው።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ከዚህ አይወጣም?» ብለው የሟች ባለቤታቸውን ቂጡ የተበሳ ድስት ከጆንያ አወጡ።

ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «ቀላል ነው።»

አሉሚኒየም የእርሳስን ያህል እንደማይከብድ፣ ያልከበደ አረር ደግሞ እንደማይጥል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ግን «አይሆንም» ማለት የሙያ ውርደት መሰለኝ። አራት አረር ሠርቼ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ መዘኑና ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ።

«እንዴት ነው?»

«ቀላል ነው አልኩዎ እኮ» ብዬ ሳቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መጣ። አረሩ ከርከሮውን መትቶታል፤ ቆዳው ላይ ቀረ እንጂ ዘልቆ አልገባም። ከርከሮው ዞሮ የአባ ተማምን ጭን ዘነጠለው።

ከቀበሌ የደረሰኝን ስኳር ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በቆሎውም አልቋል። መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ቃል ስደረድር ነበር፤ ቀደሙኝ።

«አንተማ ምን ታደርግ» አሉ ከተኙበት። «ቀላል ነው፣ ክብደት የለውም ብለህ ሁለት ጊዜ ነግረኸኛል። ያልሰማሁ እኔ። ወላሂ፣ የራሱን ሥራ እንዲህ የሚያማ ሐቀኛ አላየሁም።»

ልጆቻቸው በአክብሮት አዩኝ።

«ኧረ እኔ አያስቸግርም ማለቴ ነበር» ማለት ነበረብኝ። ያቺን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ስኳሩን አስቀምጬ «አላህ ያሽርዎ» አልኩና ወጣሁ።

አባ ተማም እስኪሞቱ ድረስ አነከሱ። እስኪሞቱ ድረስም ከአሰንዳቦ ደንበኛ ይልኩልኝ ነበር፤ «እውነቱን የሚነግራችሁ ሠራተኛ ዘንድ ሂዱ» እያሉ።